የዱር ሽንኩርት ነው ያልኩ ዕለት

ሐርጌሳ በኖርኩባቸው ዓመታት ሚኒባስ ውስጥ ወዶና ፈቅዶ ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ሽንኩርት ሽንኩርት እሸት ነበር። እጄ፣ ሻርፔ፣ ፀጉሬ፣ የምሰግድበት ምንጣፍ ሳይቀር ሽንኩርት ይሸት ነበር። ሽንኩርት የበላ ሰው በጠረኑ ሰጋጁን እንዳይረብሽ መስጊድ አይቅረብ ይባላል፤ ስትልጠው የዋለችው ምን ትሁን እንደሚባል ግን የነገረኝ የለም። እኔም መልሱን ፈርቼ አልጠየቅኩም።

የሥራ ቦታዬ አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጫፍ፣ ግድግዳው ብቻ በቀረ አንድ ፎቅ ጥላ ሥር ነበር። ከኢትዮጵያ በቶጎ ውጫሌ በኩል በመኪና የሚገባ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እሸጥ ነበር። እንጀራዬ ግን ከመሸጡ ይልቅ መላጡ ነው። ከተማዋ ከጦርነት ወጥታ እንደ አዲስ የምትሠራበት ጊዜ ነበር። ሰው ከስደት ይመለሳል፣ ጣራ ይመታል፣ ግንብ ይቆማል፤ ተመላሾች ከሠፈሩባቸው የአያሃ ሰፈሮች በየማለዳው የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ ሩዝና ሱቃር የሚሉትን የተከተፈ ጥብስ የሚያቀርብ የቆርቆሮ ምግብ ቤት በየማዕዘኑ ተከፍቶ ነበር። የሚያበስሉት ሴቶች ተቀምጠው የሚልጡበት ጊዜ ስለሌላቸው እኔ ልጬና ከትፌ በባልዲ አቀርብላቸዋለሁ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቢላዬን አነሳለሁ፣ እስከ ዙሁር አላስቀምጣትም። ባልዲያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ የሚያወሩት ወሬ ደግሞ ከሽንኩርቱ ይብስ ዓይን ያቃጥል ነበር።

ስለ ሽንኩርት የማውቀውን ያወቅኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ወሎ፣ ከሚሴ አጠገብ፣ ትንሿን የሐበሻ ቀይ ሽንኩርት የሚተክል ገበሬ ነበር። ከእርሻው በላይ ባለው ጋራ ደግሞ የዱሯ ትበቅላለች። "ሁለቱ የእህትማማች ልጆች ናቸው" ይል ነበር፤ "አንዷ ቤት አደገች፣ አንዷ ሜዳ ቀረች።" የቤቷ ቅጠል ክብ ነው፣ ውስጡ ክፍት፤ ልጆች ሆነን ቆርጠን እንደ ዋሽንት እንነፋው ነበር። የዱሯ ቅጠል ዝርግ ነው፣ ጠርዝ ጠርዙን ለስላሳ ፀጉር አለው፣ አይነፋም። የቤቷ ትወፍራለች፣ ትቀላለች፣ አንዷን ብትተክይ ስድስት ሰባት ሆና ትወጣለች። የዱሯ ነጭ ናት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፣ ጠረኗ ግን ወደ ነጭ ሽንኩርት ያደላል፤ ግማሿ ለአንድ ድስት ይበቃል። የቤቷ ሁለት ሳምንት ውሃ ካጣች ጠወለገች ማለት ነው። የዱሯ ወራቱን ሁሉ መሬት ውስጥ ተኝታ ዝናቧን ትጠብቃለች። አባቴ ከሁለቱ የዱሯን ያከብራት ነበር፣ የሚሸጠው ግን የቤቷን ነው።

ከእነዚህ ሌላ፣ ዘመድ ሳትሆን ዘመድ የምትመስል ሦስተኛ አለች። የጅብ ሽንኩርት እንላታለን። እሷም እንደ ሽንኩርት በልብስ ላይ ልብስ የደረበች ናት፣ እንዲያውም በመልክ ትበልጣለች። የበላት ከብት ግን አይተርፍም፣ ሰውም ከተረፈ ዕድለኛ ነው። ስለዚህ የአባቴ ሕግ አንዲት ነበረች፤ "ጨፍልቀሽ አሽትቺ። ካልሸተተሽ ወርውሪና እጅሽን ታጠቢ።" ይህችን ሕግ ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ እንደ ፋቲሓ በቃሌ ይዣታለሁ። ካደግኩ በኋላም በሽንኩርት ነገር የሚረታኝ ሰው አላገኘሁም፤ ይህም ትዕቢት ሆኖብኝ እንደነበር አልደብቅም።

የምኖረው 26 ጁን የሚባል ሰፈር ነበር። አከራዬ ሃምሳ የሚጠጋቸው ሶማሌ ሴት ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ከተማዋ ስትደበደብ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው፣ መጀመሪያ ስደተኛ ጣቢያ፣ ቀጥሎም ድሬዳዋ ኖረው የተመለሱ ናቸው። አማርኛቸው የድሬዳዋ ገበያ አማርኛ ነው፣ ፈጣንና ፊት ለፊት። እኔ "ኤዶ" እላቸዋለሁ፤ እዚያ አገር ትልቅ ሴት "አክስቴ" ተብላ የምትጠራበት ስም ነው። እሳቸው "አባዮ" ይሉኛል፣ እህቴ እንደማለት። ከቤታቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱን ሲሚንቶ በገዛ እጃቸው እያቦኩ አድሰው አንዱን ለኔ አከራዩኝ። ሲያከራዩኝ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በርሽን ዝጊ፣ ሽታሽ እኔ ቤት እንዳይመጣ።" ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደድን።

በበጋው መጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ ኤዶ ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። አጠገቤ ከነበረ ጀሪካን ላይ ተቀመጡና በሻሽ የተቋጠረ ነገር ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ባልዲዬ ገና ግማሽ ስለነበረ እየላጥኩ ነው ያዳመጥኳቸው።

የነገሩኝ ይህን ነው። ሲሰደዱ የአራት ዓመት ወንድ ልጃቸውን አዝለው ነበር። በአምስተኛው ቀን ስንቃቸው አለቀ። ከአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ከድንጋይ ሥር፣ ለምለም ቅጠል አዩ፤ ሲቆፍሩ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ወጣ። አራት ራስ አገኙ። ፍም ውስጥ ቀብረው ጠበሱና ለልጁ ሰጡት። ትንሽ ስለነበረች እሳቸው አልቀመሷትም። ብዙም ሳይቆይ ልጁን ያስመልሰው ጀመር፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተ። እዚያው ወንዙ ዳር ቀበሩት።

"በዚያ መንገድ ብዙ ልጅ ሞቷል" አሉ። "ውሃው ቆሻሻ ነበር። ሰው ሁሉ ውሃው ነው አለኝ። እኔ ግን፣ አባዮ፣ ያቺን ነገር በዚህ እጄ ነው ያጎረስኩት። ውሃው ነው ወይስ እኔ ነኝ? ወላሂ ይህን ሁሉ ዓመት አላወቅኩም።"

በዚያ ሳምንት በዚያ በኩል ያለው ፈንጂ ተለቅሟል ሲባል የወንድማቸው ልጅ በመኪና ወስዷቸው መቃብሩን ዘይረው ነበር። ከዚያው ድንጋይ ሥር ቆፍረው ደግሞ አራት ራስ አምጥተዋል። ሻሹን ፈቱት።

"አንቺ ሽንኩርት ታውቂያለሽ። ይህ ሽንኩርት ነው ወይስ ሌላ ነገር?"

በጋ ስለሆነ ቅጠል አልነበረውም። ነጭ ነው፣ ከሎሚ ትንሽ የሚያንስ፣ ላዩ በስስ ቡናማ ልብስ የተሸፈነ። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ቢላዬን አነሳሁ፣ አንዷን ለሁለት ከፈልኳት፣ ግማሹን በጣቶቼ ጨፍልቄ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ሸተተኝ። ጥርት ያለ የሽንኩርት ሽታ።

"ሽንኩርት ነው" አልኳቸው። "የዱር ሽንኩርት። ይህ ሰው አይገድልም፣ ኤዶ። ውሃው ነው።"

ኤዶ በሻሹ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያሉ ተነሱ፤ ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። የቀሩትን ሦስት ራሶች ረስተዋቸው ነበር፣ በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኳቸው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አንዲት እናት ያን ያህል ዓመት የተሸከመችውን በአንድ ቃል ማውረዴ፣ አልዋሽም፣ ልቤን ነፋው።

ከዚያ በኋላ ኤዶ ሌላ ሰው ሆኑ። ፈርሳ የቀረችውን ሦስተኛዋን ክፍል ግንበኛ አስገብተው ማሠራት ጀመሩ። በር ላይ ቆመው ከጎረቤት ጋር ያወራሉ። ልጃቸውን በወሬ መሀል ያነሱታል፤ ሲሮጥ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ስኳር ሲሰርቅ ጉንጩ እንዴት እንደሚያጋልጠው። አንዳንዴ ይስቃሉም። ጠዋት ስወጣ ካገኙኝ "ሐኪሜ! ዛሬስ ምን ልታሸቺ ነው?" ይሉኛል። ሐኪሜ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉራ ደግሞ በሆድ አይቀመጥም። ሽንኩርት ከሚያመጡልኝ ሹፌሮች አንዱ፣ ከቶጎ ውጫሌ እስከ በርበራ የሚመላለስ የባቲ ሰው፣ ተረበኛ ነበር። ለእሱ አወራሁለት።

"የዱር ሽንኩርት ያምርሽ ኖሯል እንዴ?" አለኝ። "ከበርበራ በላይ፣ ሼክ የሚባለው ጋራ ላይ፣ እረኞች ሲቆፍሩት አይቻለሁ። አንዱ ቢያቀምሰኝ ሦስት ቀን ከሰው ተለይቼ ሰነበትኩ።"

በሚቀጥለው ጉዞው ከነአፈሩ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። "እንኪ ዘመዶችሽን" ብሎ ጭኔ ላይ ጣለው። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝና ዘመዳሞችን ጎን ለጎን ሳላይ አላርፍም። ሦስት የወተት ጣሳ ሥራቸውን በስቼ አፈር ሞላሁባቸው። በአንዱ የሐበሻ ቀይ ሽንኩርት፣ በአንዱ የሼኳን፣ በሦስተኛው ኤዶ ረስተዋቸው ከሄዱት አንዷን ተከልኩ። የሼኳ ልክ አባቴ ጋራ ላይ እንደምትበቅለው ትንሽ ናት። የኤዶዋ አራት እጥፍ ትሆናለች። ዓይኔ ይህን አይቷል፤ እኔ ግን "የዱርም ዓይነት አለው" ብዬ አለፍኩት።

እዚያ አገር ጉ የሚባለው የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ መጣ፣ ሲመጣ ግን የቶጎ ውጫሌን መንገድ በጎርፍ ቆረጠው። መኪኖቹ ድንበር ላይ ቆሙ፣ ከገበያው ሽንኩርት ጠፋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢላዬን አላነሳሁም። ልብሴን አጠብኩ፣ ምንጣፌን አጠብኩ፣ ፀጉሬን አስተካከልኩ። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀምጣ ሰላም አለችኝ፤ ከየት መጣሽ እንኳ አላለችኝም። በስንት ዓመቴ እጄን ባሸትተው እጅ እጅ ሸተተኝ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጣሳዎቼን ለማየት ወጣሁ። ሦስቱም በቅለዋል። የቤቷ ክፍቱን ክብ ቅጠሏን አውጥታለች። የሼኳ ዝርግ፣ ጠርዙ ፀጉራም። የኤዶዋም ዝርግ ነው፣ ግን ወፍራምና የሚያብለጨልጭ፣ አንድ ፀጉር የሌለው። ከእሷ ጫፍ ቀነጠብኩና ጨፈለቅኩ። እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ውሃ ጣቴ ላይ ወጣ። አሸተትኩ። ሣር ነው። ደግሜ አሸተትኩ፣ ያው ሣር።

ጉንፋን ይዞኝ ይሆን አልኩ። ከቤቷ ቀነጠብኩና ጨፈለቅኩ፤ ሽንኩርት። ከሼኳ ቀነጠብኩ፤ እንደ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዬን ሰረሰረኝ። እንግዲህ አፍንጫዬ ደህና ነው። በዚያው ጣቴ ተመልሼ የኤዶዋን ቅጠል ጨፈለቅኩና አሸተትኩ። አሁን ሽንኩርት ሸተተ።

እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን የሸተተኝ የኔው እጅና የኔው ቢላ ነበር። ከባልዲ ሙሉ ሽንኩርት መሀል ባወጣሁት እጅ ድንጋይ ባሸትት፣ ሽንኩርት ነው እል ነበር። የአባቴ ሕግ ለገበሬ እጅ የወጣች ሕግ ናት፤ ስልጥ ለምውለው ለኔ ለብቻዬ ሌላ ሕግ ያስፈልገኝ ነበር፣ እሷን ደግሞ አባቴ አላወቃትም። ያችን ቅጠል የጨፈለቁት ጣቶቼ ሲያሳክኩኝ ዋሉ።

ወዲያው ሄጄ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። "አንዴ ሸተተኝ ብዬ ተሳስቻለሁ፣ አሁን ደግሞ አልሸተተኝም ብዬ እንዳልሳሳት አበባዋን ልይ" አልኩ። ነገሩ እውነት ይመስላል፣ እውነትም አለበት። አበባው ሲመጣ የሼኳ ስስ ከረጢቷን ቀዳ ነጫጭ አበቦቿን ዘረጋች፤ ዘንጎቹ ሁሉ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ከአንድ ቦታ ይነሳሉ፣ የሽንኩርት ወገን ሁሉ እንዲህ ነው። የኤዶዋ አንድ ረጅም ዘንግ አውጥታ አበቦቿን ከሥር ወደ ላይ በተራ በተራ ደረደረች። ከዚህ በኋላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

መንገዱ ተከፍቶ የባቲው ሹፌር ሲመጣ ለእሱ ብቻ ነገርኩት። ተረቡን አቆመ።

"ዝም አይነቅዝም" አለኝ። "ሴትዮዋ ስንት ዘመን ተቃጥለው አሁን ገና ዐረፉ። ብትነግሪያቸው ልጁን አትመልሺላቸውም።"

ምክሩ ተመቸኝ። ለኤዶ ዕረፍት ብዬ ነው ዝም የምለው አልኩ። ግን ለሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ልቤ ያውቅ ነበር፤ "ሐኪሜ" የሚለውን ስም ማጣት አልፈለግኩም። ገበያው ውስጥ ደግሞ ሽንኩርት ሳታውቅ ሽንኩርት የምትሸጥ መባሉን ፈራሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ያልኩትን በምን እመልሰዋለሁ? ቢላዬን አንስቼ እንደ ወትሮዬ መላጤን ቀጠልኩ፣ አንድ ወርም አለፈ። ኤዶ ሲስቁ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እሰብር ነበር።

ሦስተኛዋ ክፍል ጣራዋ ተመታ። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ኤዶ በር ላይ ጠበቁኝ፣ ፊታቸው እያበራ።

"ለልጄ ሰደቃ ላወጣ ነው" አሉኝ። "ኀሙስ ወንዙ ዳር እሄዳለሁ፣ አሁን ለምልሞ ይሆናል፣ ጆንያ ሙሉ ቆፍሬ አመጣለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሥጋውን በእሱ ነው የምሠራው። ልጄ የበላውን ሰው ሁሉ በልቶ ዱዓ ያድርግለት። አንቺ ትልጪልኛለሽ፣ ከአንቺ ሌላ እጅ አላስነካውም።"

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዝም አይነቅዝም ያለኝ ሰው እዚያ ቢኖር ኖሮ ጆንያውን አሸክመው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ሦስቱን ጣሳዎች በራቸው ላይ ደረደርኩ። ኤዶ ሻያቸውን ይዘው ወጡ።

"ኤዶ፣ ነገ አይሂዱ" አልኩ። "ተሳስቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ይችን ይቀንጥቧት። ጨፍልቀው ያሽትቱ። መጀመሪያ ይችን።"

ሻዩን መሬት አስቀምጠው የራሳቸውን ቅጠል ቀነጠቡ፣ ጨፈለቁ፣ አሸተቱ። ከዚያ የሼኳን። ከዚያ የቤቷን። ፈጣኗ ሴት ያን ቀን አልቸኮሉም።

"ይቺ አትሸትም" አሉ።

"አትሸትም። ሽንኩርት አይደለችም። እኛ የጅብ ሽንኩርት እንላታለን። መርዝ ናት፣ ኤዶ።"

"ሸተተኝ ብለሽኝ ነበር።"

"ሸቶኛል። የሸተተኝ እጄ ነው። ስልጥ ነበር፣ ሳልታጠብ ነው የያዝኳት፣ ቢላውም ያው ነው።"

እጄን ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሁለት ጊዜ ታጥቤም ሽንኩርት ነበር። ቆይተው ለቀቁት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። "ከጉ መጀመሪያ" አልኩ። "ወር አልፎታል።"

"ሀየ" አሉ፣ እሺ እንደማለት። የራሳቸውን ጣሳ አንስተው ገቡና በሩን ዘጉ። ሻዩ እንደተቀመጠ ቀረ።

ያን ቀንም በማግስቱም አላዩኝም። ስወጣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ስገባ በራቸው ዝግ ነው። የሚያባርሩኝ መሰለኝና ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። አዝኜ ነበር፣ ከሐዘኑ ግን ሐፍረቱ ይበልጥ ነበር። አንዲትን እናት አንዴ በችኮላዬ አሳርፌያት፣ ቀጥሎ በፍርሃቴ በሐሰት ላይ አስቀምጫታለሁ። ከወጡበት እሳት ውስጥ እኔ መልሼ ከተትኳቸው እያልኩ ራሴን ወቀስኩ።

ዓርብ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ኤዶ ነበሩ። በሩ ሥር ያለውን ከረጢት አዩት፣ ስለሱ ምንም አላሉም።

"ሃያ ሴት ይመጣል" አሉኝ። "ሽንኩርት ስጪኝ። የገበያውን።"

ጆንያዬን አወጣሁ። ይዘው ይሄዳሉ ስል ከኔ ፊት ለፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡና ሌላ ቢላ አነሱ። ላጥን። አንድ ጊዜ "ኤዶ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ..." ብዬ ጀምሬ ነበር።

"ላጪ" አሉኝ።

ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች መጡ። አዲሷ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ ባልዲዬን በየቀኑ የሚጠብቁ፣ ስለ ሽንኩርት የምለውን ሁሉ አምነው የሚወስዱ። ሩዙና ሥጋው በትልልቅ ድስት ቀረበ። ዱዓ ተደርጎ ሰው እጁን ሊዘረጋ ሲል ኤዶ ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ። የተናገሩት በሶማሊኛ ነው፣ እኔም በዚያን ጊዜ በደንብ እሰማ ነበር።

"ልጄ በውሃ ሞተ ስትሉኝ ነበር" አሉ። "እኔም ሰሞኑን ውሃው ነው ብያችኋለሁ። ውሃው አይደለም። ከመሬት ቆፍሬ ያበላሁት መርዝ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሁት።"

አንዷ ሴት "አስተግፊሩላህ" አለች። ኤዶ በጭልፋው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ይህችን ታውቋታላችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርት ስትልጥ የኖረች ናት። ያቺን ነገር እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠግባለች፣ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፣ ቦምብ አይወርድባትም። በቢላ ከፍላ፣ ጨፍልቃ፣ አሽትታ ሽንኩርት ነው አለች።" ከዚያ በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ "አባዮ" አሉ፣ "ያን ቀን ልጁ ከጎንሽ ቆሞ ራበኝ ቢልሽ፣ ታበዪው ነበር?"

ሃያ ሴት ዞሮ አየኝ። አማርኛው ያልገባቸውም ምን እንደተጠየቅኩ ገብቷቸዋል። ተነስቼ ቆምኩና ሁሉም እንዲሰሙ በሶማሊኛ መለስኩ።

"አበላው ነበር፣ ኤዶ። አራቱንም።"

ኤዶ በረጅሙ ተነፈሱ። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ከተቱና የመጀመሪያውን ሳህን ሞሉ።

"ሀየ" አሉ። "እንግዲህ ብሉ።"